ሯጩ ሠራተኛ ኤሚል ዛቶፔክ

ረዥም ርቀት ለመሮጥ ምን ያስፈልጋል ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ብዙዎቻችሁ ብርቱ እግር፣ ጤናማ ልብና ትዕግሥት ያስፈልጋል ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሳችሁ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ማራቶን የሚባለው ውድድር 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ ይህን ያህል መንገድ የሚችል ሰውነት በአንድ ወር ወይም በሁለት ወር አይገነባም፤ ዓመታት የሚፈጅ የዕለት ተዕለት ልምምድ ይጠይቃል። ታዲያ ጧት ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ከትምህርት ሲመለስ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚያስገባ ወይም ወላጆቹን በሥራ የሚረዳ፣ ማታም ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ይህን ጊዜ ከየት ያመጣዋል? ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት የሚውለው ሠራተኛስ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በመካከለኛው አውሮጳ በምትገኝ አንዲት የፋብሪካ ከተማ ይኖር የነበረ ወጣት ሠራተኛ ይኸው ጥያቄ ገጥሞት ነበር። ወጣቱም መልሱን የሰጠው በቃል ሳይሆን በእግሩ ነው። ስሙ ኤሚል ዛቶፔክ ይባላል። የሕይወቱን ታሪክ ስታነቡ፣ ስንት ውድድር እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሮጥበትን ጊዜ ከየት ከየት እንዳገኘው በተለይ ልብ በሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን የዘመን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስታውሱ።

ኤሚል ዛቶፔክ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1922 ዓ.ም. በቀድሞዋ ቼኮስሎቫኪያ፣ ሞራቪያ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ኮፕሪቭኒትሴ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በአናጢነት ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉበት፣ ኑሮውም ከእጅ ወደ አፍ ስለ ነበረ፣ ኤሚል ትምህርቱን ያለ አሳብ የሚቀጥልበት ሁኔታ አልነበረም። ስለዚህ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ዝሊን ወደምትባለው ከተማ ሄደ። በዝሊን በዓለም ላይ ስሙ የታወቀው የባታ የጫማ ፋብሪካ ይገኝ ነበር። ፋብሪካው ለወጣት ሠራተኞቹ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ስለ ነበረው፣ ወጣቶቹ ቀን ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ሲሠሩ ይውሉና ማታ ይማሩ ነበር። የሚያድሩትም በፋብሪካው ማደሪያ ሲሆን፣ የምግባቸውንና የመኝታቸውን ወጪ የሚሸፍኑት ከሚያገኙት ደመወዝ ነበር።

እንግዲህ የዚህን ወጣት ቀን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ጧት የፋብሪካው ሰዓት ይጠራዋል፤ ቀን ሥራው ይይዘዋል፤ ማታ ደግሞ ደብተሩ ይጠብቀዋል። በዚህም ላይ በ1939 ዓ.ም. የጀርመን ጦር አገሪቱን ስለ ያዘ፣ የጦርነቱ ዘመን ኑሮ ለሁሉም ከባድ ሆነ። በእንደዚህ ያለ ሕይወት ውስጥ ለሩጫ የተረፈ ትርፍ ሰዓት ይኖራል ብሎ የሚያስብ ማንም አልነበረም። ኤሚል ራሱም ቢሆን ሯጭ የመሆን ምኞት አልነበረውም፤ እንዲያውም ሩጫን የሚሸሽ ልጅ ነበር።

ወደ ሩጫ የገባውም በፈቃዱ አልነበረም። በ1941 ዓ.ም. በዝሊን ከተማ ለወጣት ሠራተኞች ዓመታዊ የሩጫ ውድድር ሲዘጋጅ፣ የፋብሪካው የስፖርት ኃላፊ ከቆሙት ወጣቶች መካከል አራቱን በጣቱ ጠቁሞ እንዲሮጡ አዘዘ። ከአራቱ አንዱ ኤሚል ነበር። እርሱም ደካማ መሆኑንና ለሩጫ እንደማይበቃ ተናግሮ ለማምለጥ ሞከረ። ኃላፊው ግን ጥብቅ ሰው ነበርና ወደ ሐኪም ላከው። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ወጣቱ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠ። ማምለጫ ያጣው ኤሚል ከ100 ያህል ወጣቶች ጋር ተሰልፎ ሩጫውን ጀመረ። ከጀመረ በኋላ ግን ያልጠበቀው ነገር በውስጡ ተቀሰቀሰ፤ የማሸነፍ ፍላጎት አደረበት። ውድድሩንም በሁለተኛነት ፈጸመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሩጫ የሕይወቱ ክፍል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ኤሚል በከተማው ከነበረው የአትሌቲክስ ክለብ ገባ። ስለ ታላቁ የፊንላንድ ሯጭ ስለ ፓቮ ኑርሚም ያገኘውን ሁሉ እያነበበ፣ የራሱን የልምምድ ዘዴ ማዘጋጀት ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙ የረዥም ርቀት ሯጮች ይለማመዱ የነበረው ረዥም መንገድ በዝግታ በመሮጥ ነበር። ኤሚል ግን በዝግታ መሮጥን ማንም ሰው ያለ ትምህርት እንደሚያውቀውና እርሱ ሊማር የሚገባው በፍጥነት መሮጥን እንደ ሆነ አሰበ። ስለዚህ ረዥሙን መንገድ ቆራረጠው። 100 ሜትር ወይም 400 ሜትር በፍጥነት ይሮጥና፣ ጥቂት በሶምሶማ ተንፍሶ፣ ትንፋሹ ጨርሶ ሳይመለስ እንደገና በፍጥነት ይሮጣል። ይህንንም ደግሞ ደጋግሞ ያደርገዋል።

ይህን የመሰለ ልምምድ የጀመረ ብቸኛ ሰው እርሱ አልነበረም፤ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች በዚህ ዘዴ የሠሩ አሠልጣኞች ነበሩ። ዘዴውን ከእርሱ በፊት በማንም ባልታየ ትጋትና ብዛት የሠራበት ግን ኤሚል ነው። ከሠራቸው የታወቁ ልምምዶች አንዱን እንመልከት። 200 ሜትርን አምስት ጊዜ፣ 400 ሜትርን ሃያ ጊዜ፣ ከዚያም እንደገና 200 ሜትርን አምስት ጊዜ ይሮጥ ነበር። እስቲ ደምሩት። በመካከል የሚደረገው ሶምሶማ ሳይቆጠር፣ የፍጥነት ሩጫው ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ 400 ሜትርን በአንድ ቀን 40 ጊዜና ከዚያም በላይ መሮጥ ጀምሮ ነበር።

ይህ ዘዴ ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ልብና ሳንባ ብርቱ ሥራ ይሠራሉ፤ ጥቂት ያርፋሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከማረፋቸው በፊት ግን ተመልሰው ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ያለ ዕረፍት ሊሮጠው በማይችለው ፍጥነት ብዙ መንገድ ለመሸፈን ይችላል። ጊዜ ለሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ረዥም ጉዞን የሚተካ ብርቱ ልምምድ በአጭር ሰዓትና በአጭር ቦታ ሊፈጸም ይችላል። ሰፊ አገር አይፈልግም፤ አንድ ሜዳ ወይም ሰው የማይበዛበት አጭር መንገድ ይበቃዋል። ከሥራ መውጫ እስከ ማታ ትምህርት መግቢያ ድረስ ያለችው ሰዓት አጭር ብትሆንም ትጠቅማለች። ለፋብሪካው ወጣት የጎደለው የጊዜ ርዝመት በሥራው ብርታት ተተካለት።

ኤሚል መንገዱንም ሳይቀር ለልምምድ ይጠቀምበት እንደ ነበረ ይተረካል። ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ በመንገዱ ዳር በተርታ በተተከሉት ዛፎች ሥር ያልፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትንፋሹን ይዞ እስከ አራተኛው ዛፍ ድረስ ሄደ፤ በሌላው ቀን እስከ አምስተኛው፤ እንዲህ እያለ በየጊዜው አንድ ዛፍ ይጨምር ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ትንፋሹን ከልክ በላይ በመያዙ ራሱን ስቶ ወደቀ ይባላል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ነገሩን ለመሞከር እንዳትነሡ፤ አደገኛ ነው፤ ሐኪሞችም አይመክሩትም። ከታሪኩ የምትወስዱት ቁም ነገር ሌላ ነው። ብዙ ሰው በከንቱ የሚያሳልፈውን የመንገድ ሰዓት ይህ ወጣት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጥረው ነበር።

የልፋቱ ፍሬ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1944 ዓ.ም. የ2,000፣ የ3,000 እና የ5,000 ሜትር የአገሩን ክብረ ወሰኖች አሻሻለ። ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ሲያበቃ የጫማውን ፋብሪካ ተወና ወደ ቼኮስሎቫኪያ ጦር ሠራዊት ገባ፤ ቀጥሎም በመኮንንነት ለመሠልጠን የጦር አካዳሚ ተማሪ ሆነ።

የወታደር ቀን ከፋብሪካ ሠራተኛ ቀን ቢብስ እንጂ አይሻልም። የሚነሣበትን፣ የሚሰለፍበትን፣ የሚመገብበትንና የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስነው ሌላ ነው። ዛቶፔክ ግን እንደ ልማዱ በሰዓቶቹ መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች መፈለግ ጀመረ። የቀኑ ሥልጠና ሲያበቃ፣ ጓደኞቹ ደክሟቸው ሲያርፉ፣ እርሱ ወደ ጫካ ወጥቶ ይሮጥ ነበር። ቀን ካልተመቸው በጨለማ የእጅ ባትሪ ይዞ ይሮጣል። በረዶ ቢወርድ፣ ዝናብ ቢዘንብ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሮጠውም በቀላል የስፖርት ጫማ ሳይሆን በከባዱ የወታደር ከስክስ ነበር። ከስክሱ ቁርጭምጭሚቱን ከወልምታ ስለሚጠብቅለት፣ ደግሞም ከባዱን አውልቆ ቀላሉን ባደረገ ጊዜ እግሩ እንደ ላባ ስለሚቀልለት፣ ይህን እንደ ችግር አልቆጠረውም። ዘብ ቆሞ በሚያድርበት ሌሊት እንኳ በቆመበት ስፍራ እግሮቹን እያነሣ ይሮጥ እንደ ነበረ ይነገራል።

በ1946 ዓ.ም. በኦስሎ በተደረገው የአውሮጳ ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ተወዳድሮ አምስተኛ ወጣ። በዚህም ተስፋ አልቆረጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ለለንደን ኦሊምፒክ ተመረጠ። ለ10,000 ሜትር ውድድር አዲስ ቢሆንም፣ በ29 ደቂቃ ከ59.6 ሴኮንድ አንደኛ በመውጣት ለአገሩ የወርቅ ሜዳልያ አስገኘ። በ5,000 ሜትር ደግሞ ዝናብ ባጨቀየው መም ላይ ከቤልጅጉ ጋስቶን ራይፍ በአንድ ሴኮንድ ሁለት ዐሥረኛ ብቻ ተቀድሞ የብር ሜዳልያ አገኘ።

ዛቶፔክ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ሁሉ በአሯሯጡ ይገረሙ ነበር። ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ምላሱ ይወጣል፤ ትከሻው ይሰበቃል። አሁን ይወድቃል ሲባል እርሱ ፍጥነት ይጨምራል። አሯሯጡ አያምርም የሚሉትንም ሰዎች፣ ሩጫ የውበት ውድድር ሆኖ ነጥብ በአኳኋን የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ እንደሚያስብበት እየነገረ ያስቃቸው ነበር።

በዚያው በ1948 ዓ.ም. ዳና የምትባለውን የጦር ውርወራ ስፖርተኛ አገባ። ባልና ሚስቱ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ቀን ነበር። ትዳር ከያዘ በኋላ ደግሞ የቤት ሥራ ተጨመረበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ልምምዱን ይቀንሳል። ዛቶፔክ ግን የቤቱን ሥራና ሩጫውን አንድ ላይ አገጣጠማቸው። አንድ ጊዜ የሚታጠብ ልብስ ተከምሮ ቢያገኘው፣ ልብሱን በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ጨምሮ፣ ውኃና ሳሙና አድርጎበት፣ ከላዩ ላይ ወጥቶ እስኪበቃው ድረስ በቆመበት ሮጠበት ይባላል። ልብሱ ታጠበ፤ ልምምዱም ተፈጸመ። ሚስቱን በጀርባው አዝሎ በጫካ ውስጥ እንደሚሮጥም ተነግሯል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። ዛቶፔክ ስሙ እየታወቀ በሄደ መጠን፣ የጦር ሠራዊቱ ለልምምድ የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ እየሰጠው ሄደ። ዕድሜውን በሙሉ በተሰረቀች ሰዓት ብቻ የሮጠ ሰው አይደለም። ነገር ግን የነገሮቹን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ጊዜ ስለ ተሰጠው ሯጭ አልሆነም፤ ሯጭ ስለ ሆነ ጊዜ ተሰጠው። ትርፍ ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ስሙን ዛሬ የሚያነሣው አይኖርም ነበር።

ከ1948 እስከ 1954 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዛቶፔክ በ10,000 ሜትር 38 ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስሙን ለዘለዓለም ያስጠራው ግን የ1952 ዓ.ም. የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ነው።

ወደ ሄልሲንኪ ከመሄዱ በፊት የደረሰ አንድ ነገር ጠባዩን በሚገባ ያሳያል። ስታኒስላቭ ዩንግቪርት የሚባል የቡድኑ ሯጭ፣ አባቱ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ ስለ ነበረ፣ እንዳይጓዝ ተከለከለ። ዛቶፔክም ጓደኛው ካልሄደ እርሱም እንደማይሄድ አስታውቆ፣ ቡድኑ ሲነሣ በፕራግ ቀረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድፍረት ብርቱ ቅጣት ሊያስከትል ይችል ነበር። ለዓመታት በጫካና በጨለማ የደከመበትንም ድል ሊያሳጣው ይችል ነበር። ባለ ሥልጣኖቹ ግን በመጨረሻ ተሸነፉና ሁለቱም እንዲሄዱ ፈቀዱ።

በሄልሲንኪ ጁላይ 20 ቀን 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አሸነፈ። ጁላይ 24 ቀን በ5,000 ሜትር ተሰለፈ። በመጨረሻው ዙር ሦስት ሯጮች ቀድመውት ነበር፤ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ሁሉንም አልፎ በ14 ደቂቃ ከ6.6 ሴኮንድ አንደኛ ሆነ። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ዳና በጦር ውርወራ የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። ይህ ሁሉ አልበቃው ብሎ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሮጦት በማያውቀው በማራቶን ለመወዳደር ወሰነ።

ማራቶኑ የተካሄደው ጁላይ 27 ቀን ነው። በውድድሩ በጣም የተፈራው እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ነበር። ዛቶፔክ የማራቶን ልምድ ስላልነበረው፣ ከፒተርስ ጎን እየሮጠ ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ጠየቀው። ፒተርስም ሊያሳስተው አስቦ ፍጥነቱ ዝግ ያለ መሆኑን ነገረው። ዛቶፔክ የተባለውን እውነት አድርጎ በመቀበል ፍጥነቱን ጨመረ። ፒተርስ ኋላ ላይ ደክሞ ውድድሩን አቋረጠ። ዛቶፔክ ግን በመንገድ ዳር ከቆሙት ሰዎች ጋር እየተነጋገረ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ወደ ስታዲዮሙ ገባ። ሁለተኛ የወጣው አርጀንቲናዊ የደረሰው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ነበር። በአንድ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትርን፣ 10,000 ሜትርንና ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም፤ ከእርሱም በኋላ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1954 ዓ.ም. 10,000 ሜትርን በ28 ደቂቃ ከ54.2 ሴኮንድ በመሮጥ፣ ከ29 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሩጫ ዘመኑ በጠቅላላው 18 የዓለም ክብረ ወሰኖችን አሻሽሏል። ነገር ግን ሰውነት ልክ አለው። በ1956 ዓ.ም. ለሜልበርን ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ሚስቱን ተሸክሞ በመለማመዱ ቡአ ያዘውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቁስሉ በሚገባ ሳያገግም በማራቶኑ ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ። ያን ቀን ያሸነፈው ለዓመታት ከእርሱ ኋላ ሁለተኛ ሲወጣ የኖረው ፈረንሳዊው አሌን ሚሙን ነበር። ዛቶፔክም በደረሰ ጊዜ በወታደር ሰላምታ ካከበረው በኋላ፣ ከልቡ ተደስቶ አቀፈው። ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ውድድር ተወ።

ከሩጫ በኋላ ያለው ሕይወቱ ጠባዩን ይበልጥ ያሳያል። አውስትራልያዊው ሮን ክላርክ ብዙ የዓለም ክብረ ወሰኖችን ያሻሻለ፣ ነገር ግን የኦሊምፒክ ወርቅ ያላገኘ ሯጭ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ወደ ፕራግ በመጣ ጊዜ ዛቶፔክ በእንግድነት ተቀበለው። ሲለያዩም አንድ ትንሽ ጥቅል በእጁ ሰጠው። ክላርክ ጥቅሉን ቆይቶ ሲፈታው፣ በውስጡ ዛቶፔክ በሄልሲንኪ በ10,000 ሜትር ያገኘው የወርቅ ሜዳልያ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. በቼኮስሎቫኪያ የተጀመረውን የፖለቲካ ለውጥ ዛቶፔክ ደገፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር የውጭ ጦር ወደ አገሪቱ ሲገባም ተቃውሞውን በግልጽ አሰማ። በዚህም ምክንያት ከፓርቲው ተባረረ፤ የኮሎኔልነት ማዕርጉንና የጦር ሠራዊት ሥራውን አጣ። በአራት የኦሊምፒክ ወርቅ የተከበረው ሰው ከቤቱ ርቆ ከጉድጓድ ቆፋሪ ሠራተኞች ጋር በጉልበት ሥራ ተሰማራ። በፋብሪካ የጀመረው ሕይወቱ ወደ አካፋና ወደ ጭቃ መለሰው። ስሙ የተመለሰለት የአገሪቱ ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. ነው። ኤሚል ዛቶፔክ በኖቬምበር 2000 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ በፕራግ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ከእኛም አገር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለው። ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ የማራቶን ክብረ ወሰን ስምንት ዓመት ቆይቶ በሮም አደባባይ ያሻሻለው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲሆን፣ ይህም ከዛቶፔክ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ያህል የፈጠነ ነበር። የፊተኛውም የኋለኛውም ባለ ድል በወታደር ቤት የሚኖር፣ ቀኑን ትእዛዝ የሚገዛው ሰው መሆኑን ስታስተውሉ፣ ክብረ ወሰኑ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሠራተኛ እጅ እንደ ተሻገረ ትረዳላችሁ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ጊዜ ከየት ይመጣል? የዛቶፔክ ሕይወት የሚሰጠው መልስ፣ ጊዜ ከሌላ ቦታ እንደማይመጣ ነው። በየቀኑ በእጃችን ላይ አለ፤ ነገር ግን ተሰባብሮ ስለሚደርሰን አናውቀውም። አንዱ ስባሪ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ሌላው ከሥራ መልስ እራት እስኪደርስ ባለችው ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ጎረቤት ሳይነቃ በሚነሡባት ማለዳ ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብቻ የሚሮጥ ሰው በዓመት 121 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሮጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጥቃቅኖቹ ደቂቃዎች ሲያብሩ ትልቁን ርቀት ያሸንፋሉ።

ይህ ምክር ግን ልክ ያለው መሆኑን አትዘንጉ። የዛቶፔክን ትጋት ቅዱለት፤ ያለ መጠን ራሱን የጎዳበትን ግን አትከተሉ። ሰውነታችሁ እያደገ ያለ ስለ ሆነ ዕረፍት፣ እንቅልፍና በቂ ምግብ ይፈልጋል። በትንሽ ጀምሩ፤ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሕመም ሲሰማችሁ ተዉት። ለትምህርታችሁና ለቤታችሁ ያለባችሁንም ግዴታ በሩጫ አታሳብቡ፤ ዛቶፔክ የሠራውን ሥራ ትቶ አልሮጠም።

እርሱ የሩጫውን ጊዜ ያገኘው ከሥራው በመሸሽ ሳይሆን፣ በሥራው መካከል የሚያልፉትን ጥቂት ደቂቃዎች በማክበር ነው። ስለዚህ ነገ አንድ መልካም ነገር ለመጀመር አስባችሁ ጊዜ የለኝም የሚል አሳብ ሲመጣባችሁ፣ ወዲያው እውነት ነው ብላችሁ አትቀበሉት። አስቀድማችሁ የቀናችሁን ሰዓቶች አንድ በአንድ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ የምትሰጡት መልስ እውነተኛ ይሆናል።